መኪና በጉዞ ላይ ሳለ ሞተሩ በድንገት ቢጠፋ

መኪና ከቆመበት አልነሣም ቢል ባለቤቱን ከሥራው ያስተጓጉለዋል እንጂ በሕይወቱ ላይ አደጋ አያመጣበትም። በመሮጥ ላይ ሳለ ሞተሩ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው የብልሽቱን ምክንያትና ነጂው ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ነው።

ብልሽቱን አቃልሎ ማየት ምን እንደሚያስከትል በአሜሪካ አገር የደረሰው ነገር ምስክር ነው። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ ከሠራቸው ትንንሽ አውቶሞቢሎች አንዳንዶቹ በጉዞ ላይ በድንገት እንደሚጠፉ ባለቤቶቻቸው ያመለክቱ ነበር። ምክንያቱም ቁልፉ የሚገባበት ማብሪያ የላላ መሆኑ ነው። ከቁልፉ ጋራ ሌሎች ቁልፎች ተንጠልጥለው ሲከብዱት፣ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ወይም የነጂው ጉልበት ሲነካው ቁልፉ በራሱ ወደ ኋላ ይዞራል። ያን ጊዜ ሞተሩ ብቻ ሳይሆን በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚያድነው የአየር ከረጢትም ሥራውን ያቆማል። ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት እንደ መጉላላት እንጂ እንደ አደጋ ስላልተቈጠረ፣ መኪናዎቹ ለጥገና መጠራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የተጠሩት 2.6 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ለካሣ ክፍያ የተቋቋመው አካል ከብልሽቱ ጋራ የተያያዘ ነው ብሎ የተቀበለው የሞት ቍጥር 124 ነው።

የቤንዚን ሞተር ለመሥራት ነዳጅ፣ አየርና የእሳት ብልጭታ ያስፈልገዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲቋረጥ ይጠፋል። የነዳጁ ማጣሪያ በቆሻሻ ሲደፈን፣ ፓምፑ ሲደክም ወይም የባትሪው ማሰሪያ ሲላላ ይህ ይደርሳል። ካርቡራቶር ባላቸው አሮጌ መኪናዎች በብርቱ ሙቀት ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ማለፊያውን ይዘጋል። በአዲሶቹ ደግሞ የሞተሩን አዟዟር ለኮምፒዩተሩ የሚያስታውቀው መሣሪያ ሲሞቅ ይሰንፍና ሲቀዘቅዝ መልሶ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ መኪናው ከጋራዥ ሲደርስ ደኅና መስሎ ይታያል። ባለቤቱ ሞተሩ የጠፋበትን ሰዓትና ቦታ፣ የሙቀቱን መጠንና የነዳጁን ልክ ጽፎ ቢያቀርብ ሜካኒኩ ምክንያቱን ፈልጎ ለማግኘት ይቀለዋል።

ሞተሩ ሲጠፋ መሪውና ፍሬኑ ይከብዳሉ እንጂ ፈጽመው አይጠፉም፤ የሚቀረው ከሞተሩ የሚያገኙት እገዛ ነው። ለፍሬኑ የተጠራቀመው እገዛ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከመርገጥ አያልፍም። ስለዚህ ነጂው ፍሬኑን ደጋግሞ መምታት ትቶ አንድ ጊዜ አጥብቆ ይርገጥና ሳይለቅ ይያዝ፤ መሪውን በሁለት እጁ ይጨብጥ፤ የአደጋ መብራት አብርቶ ወደ መንገዱ ዳር ይውጣ። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን መንቀል ግን ክልክል ነው፤ መሪው ይቈለፋልና።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወስደው፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ ዜሮ አድርጎ መውረድ አደጋውን በገዛ እጅ መጥራት ነው። ሞተሩ በራሱ ቢጠፋም፣ የእጅ ማርሽ ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ እንደ ገባ ቢቆይ ፍጥነቱን ይገታል። ከቆመ በኋላ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ፤ ተሳፋሪዎችም ወርደው ከመንገዱ ይራቁ።

የመሥሪያ ቤት መኪናዎችን የሚቈጣጠሩ ሹማምንትም፣ አንድ ሾፌር «ጠፍቶ መልሶ ተነሣ» ብሎ ሲያመለክት ቃሉን በዕለቱ በጽሑፍ ይቀበሉት፤ መኪናውም ሳይመረመር ለጉዞ አይታዘዝ። መልሶ መነሣቱ መዳኑን አያስረዳምና።