ሰንሰለት ሕክምና አይደለም

የዛሬው ትምህርታችን የአእምሮ ሕሙማንን ስለ ማሰር ነው። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ነገ ተመርቀን በዳዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ ወይም በጅሌ ጥሙጋ ስንመደብ፣ ወንድሙ ቤት ውስጥ የታሰረበት ተማሪ ከፊታችን ሊቀመጥ ይችላል። ያን ጊዜ ምን እንላለን?

ማሰር ስንል ሕመምተኛውን በገመድ፣ በሰንሰለት ወይም በእግር ብረት መጠፈር፣ ወይም ቤት ዘግቶበት ማስቀመጥ ማለታችን ነው። ይህም የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ 60 ያህል አገሮች ውስጥ እንደሚፈጸም ገልጿል።

ታዲያ ቤተሰብ ለምን ያስራል? ጨካኝ ስለሆነ ነውን? አይደለም። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ተካሂዶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕመምተኛው ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ራሱንም ሌላውንም እንዳይጎዳ፣ እንዲያውም ሐኪም ቤት ለማድረስ ሲባል ይታሰራል። ሥሩ ሲመረመር ግን ዋናው ነገር ሕክምና ማጣት ነው።

ይኸም ምክንያት አለው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከከሚሴ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የተረበሸ ሰው ይዞ አውቶቡስ መሳፈር፣ ማደሪያና መድኃኒት መክፈል ለአንድ ገበሬ ቀላል አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ አገልግሎቱ ወደ ክፍለ አገር መውጣት ጀምሯል። ዛሬ ደሴ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ሰንሰለት ግን ሕመሙን አያድንም። ቁስል ያመጣል፣ ጡንቻ ያሰልላል፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ መሸሻ ያሳጣል። ፑሲን የተባለ የፓሪስ ሆስፒታል ሠራተኛ በ1797 እ.ኤ.አ. የሕሙማኑን ሰንሰለት ያስፈታው መድኃኒቱ እንኳ ባልነበረበት ዘመን ነው። ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በሥራ ላይ መዋል የጀመረው ከ1952 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ዛሬ በወቅቱ የታከሙና መድኃኒታቸውን ያላቋረጡ ብዙዎች ወደ እርሻቸውና ወደ ንግዳቸው ይመለሳሉ።

በሆስፒታልም ቢሆን ሕመምተኛን መያዝ የሚገባው አደጋ ሲመጣና ማረጋጋቱ ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር፣ ለአጭር ጊዜና ከአጠገቡ ሰው ሳይለይ ነው። ለቅጣት ወይም ሠራተኛ አነሰ ተብሎ ማሰር አይገባም። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ስምምነቱ የአእምሮ ሕሙማንንም ይመለከታል።

እንግዲህ ከመምህር ምን ይጠበቃል?

1ኛ/ ቤተሰቡን አለመስደብ። «ፍቱት» ብሎ መሄድ እኮ ቀላል ነው፤ ማታ ከሕመምተኛው ጋር የምታድረው ግን እናቲቱ ናት። መፍትሔው ሕክምናውን ማገናኘት ነው፤ መጀመሪያ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ቀጥሎም ከጤና ጣቢያው ጋር።

2ኛ/ ጠበል የሚሄደውን ወይም ሩቅያ የሚያስቀራውን አለመንቀፍ። እምነቱን ይዞ መድኃኒቱንም እንዲወስድ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም እንዳያቋርጥ መምከር ይሻላል።

3ኛ/ ተማሪዎች «እብድ» እያሉ ድንጋይ እንዳይወረውሩ ማስተማር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ቤተሰብ የሚደብቀው ግን መሳቂያ እንዳይሆን ፈርቶ ጭምር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

ሀ/ በየቀበሌያችሁ ለአእምሮ ሕመምተኛ ቅርቡ ሕክምና የት ነው? መሳፈሪያውስ ስንት ነው?

ለ/ ወንድሙ የታሰረበት ልጅ ትምህርት ቢያቋርጥ ቤቱ ሄዳችሁ መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል ምን ይሆናል?