የሳሳ አጥንትና የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና፤ ሕሙማን ወደ አጥቢያቸው ሲመለሱ



በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር አጥቢያዎች የወገብ ሕመም የማይታወቅበት ቤት ጥቂት ነው። ሕመሙ በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። የአከርካሪ አጥንት ተሰብሮ ወይም ተንሸራቶ ነርቭን ሲጫን፣ አልያም የአጥንት ቲቢ ሲያፈርሰው ግን ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ አጎራባች አጥንቶችን በብሎንና በብረት ዘንግ ያስሯቸዋል።

ብዙዎቻችን ሕክምናው ብሎኑ በገባበት ዕለት ያበቃ ይመስለናል። ብሎኑ ደጋፊ ነው፤ አጥንቶቹ በእውነት አንድ የሚሆኑት በመካከላቸው አዲስ አጥንት በቅሎ ሲያጋጥማቸው ሲሆን፣ ይህም ከ6 እስከ 12 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የአጥንት መሳሳት የሚፈትነው ይህን ጊዜ ነው። በወይራ ላይ የተመታ ምስማር አይነቃነቅም፤ ምስጥ በበላው ምሰሶ ላይ የተመታው ግን ጥቂት ሲነካ ይላላል። በሳሳ አጥንት ውስጥም ብሎን ሊላላ፣ ከታሰረው በላይ ወይም በታች ያለው አጥንት ሊሰበር፣ መጋጠሙም ሊዘገይ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል።

አጥንት የሚሳሳው በተለይ ካረጡ በኋላ በእናቶች፣ በአረጋውያን፣ እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ ነው። እስኪሰበር ድረስ አያምም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «የአጥንቴ ጥንካሬ ታይቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሐኪሙ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት አስቀድሞ ሊያዝ፣ ወይም ብሎኑን በአጥንት ሲሚንቶ ሊያጸና ይችላልና።

በአዲስ አበባ ታክማ የዓባይን በረሃ ተሻግራ ወደ መንደሯ የተመለሰች እናትን እናስብ። ቤቷ የሚጠብቃት እንስራ፣ የማገዶ ሸክምና ጎንበስ ብሎ የሚጋገር እንጀራ ነው። ውኃና እንጨት የሚያቀርብላትን ሰው ሰበካ ጉባኤው በተራ ቢመድብ፣ የትኛውም መድኃኒት የማይተካውን ይሠራል። በርኅራኄ አልጋ ላይ ማዋል ግን ይጎዳታል፤ የተኛ አጥንት የበለጠ ይሳሳል። ሐኪሙ በፈቀደላት መጠን በየቀኑ ትራመድ፤ ፀሐይም ትሙቅ።

የንስሐ አባት ድርሻ ከሁሉ ይከብዳል። እናቶቻችን «ሐኪም ከልክሎኛል» ብለው ስግደት አይተዉም፤ ከንስሐ አባታቸው አንደበት ሲሰሙ ግን ይታዘዛሉ። አጎንብሶ መነሣት በሕማማት ሰሞን ሳይቀር ብሎኑን ሊያላላ ስለሚችል፣ ሳትጠይቅ አስቀድመው ይንገሯት፤ ቆማ ወይም ተቀምጣ ትጸልይ። ስለ ጾሙም እንዲሁ፤ ለታመመ ሰው ወተትና እንቁላል መፍቀድ የአባቶች ሥልጣን ነው። ጾሙን ካልተወች ደግሞ ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ሰሊጥና ጎመን ካልሲየም ይሰጧታል፤ ሽሮና ባቄላም አይጓደሉባት። ዳጉሳ ካልሲየም በብዛት ካላቸው እህሎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በአገራችን ለአረቄ መዋሉ ያሳዝናል፤ አረቄው ራሱ አጥንት ያሳሳል።

ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አያቋርጡ፤ ቁስሉም እስኪደርቅ ሐኪም ሳይፈቅድ ውኃ አይንካው።

እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም አዲስ ብርቱ ሕመም ከተሰማ፣ የቀጠሮው ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ለዚህ የሚሆን የመጓጓዣ ገንዘብ ከሰንበቴው ወይም ከማኅበሩ አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የሕክምና ወረቀቷና የራጅ ፊልሟም አብረው ይሂዱ።