የከተማ መሬት አከፋፈልና የመንገድ አወጣጥ

የአንድ ሱቅ ጥቅም በስፋቱ ብቻ ሳይሆን በደጁ በሚያልፈው መንገድ ጭምር የሚለካ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የከተማ መሬት ከመከፋፈሉ አስቀድሞ መንገዱ በካርታ ላይ መወሰን ይገባዋል። ለዚህም የኒውዮርክ ከተማ ታሪክ መልካም ትምህርት ይሰጣል።

የኒውዮርክ ግዛት የሕግ ምክር ቤት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1807 ዓ.ም. ሦስት ኮሚሲዮነሮችን ሾመ፤ እነርሱም በ1811 ዓ.ም. የማንሃታንን ደሴት ፕላን አቀረቡ። በቁጥር የተሰየሙት 12 አውራ ጎዳናዎች 100 ጫማ፥ እነርሱን ከሚያቋርጡት 155 መንገዶችም አብዛኞቹ 60 ጫማ ስፋት እንዲኖራቸው ተወሰነ። በመካከል የቀረው መሬት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 25 ጫማ በ100 ጫማ እየሆነ ተሸነሸነ። ኮሚሲዮነሮቹ ቀጥተኛውን መስመር የመረጡት፥ ማዕዘኑ የቀና ቤት ለመሥራት ርካሽ፥ ለመኖርም የተመቸ ነው ብለው ነው።

ሥራው ግን ያለ ኪሣራ አልተፈጸመም። በመንገዱ መስመር ላይ የተገኙ ብዙ ቤቶች ፈረሱ ወይም ከቦታቸው ተነሡ፤ መንገዱ ለወጣበትም ወጪ በአካባቢው ያሉ ባለርስቶች እንዲከፍሉ ተደረገ። ነገር ግን ካርታው አስቀድሞ ስለ ወጣ፥ ከዚያ በኋላ መሬት የሚገዛ ሰው መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ለማወቅ ይችል ነበር።

እንግዲህ ለሱቅ ወይም ለመጋዘን ቦታ የሚፈልግ ነጋዴ፥ ውል ከመፈረሙ በፊት የማዘጋጃ ቤቱን ፕላን ቢመረምር ገንዘቡን ከጥፋት ያድናል።