የተሸሸገው ድጎማ፦ የጎንደር ፒያሳ የቀበሌ ቤቶችና የመሀል ከተማ ማበረታቻ

ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን የሚገኘው የጎንደር ፒያሳ መልኩን ያገኘው በአብዛኛው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። የወቅቱን ከተማ ፕላን የነደፈው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ሲሆን፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያ ሥራ ጉልህ ምስክሮች ናቸው። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄዱ ብዙ ጎብኚዎች በዚህ አደባባይ ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ከዋናው መንገድ ጥቂት እርምጃ ገባ ሲባል የሚታየው የዛገ ቆርቆሮ፣ የረገፈ ልስንና በጭቃ የተቀጠለ ጓሮ ነው። ከተማው ወደ አዘዞና ወደ ማራኪ በአዳዲስ ሕንፃዎች ሲሰፋ መሀሉ ለምን ያረጃል?

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «ማበረታቻ ስለሌለ» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ማበረታቻ የሚሠራው የድካሙን ፍሬ ራሱ በሚበላ ሰው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ቤቱ የማን እንደሆነ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌዎች እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለማዕከላዊው የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። አዋጁ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ መጠለያ ማስገኘቱ አይካድም። ነገር ግን ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ፣ ተከራዩ ባለቤት ያልሆነ፣ ባለቤቱም በጀት የሌለው የሆነበት ሥርዓት ተተከለ። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ቀበሌው ተከራዩን፣ ተከራዩ ቀበሌውን ይጠብቃል።

ከዚያ ወዲህ የወጡት የማበረታቻ ሕጎች ይህን ቋጠሮ አልነኩም። የገቢ ግብር ዕፎይታና ከቀረጥ ነፃ ዕቃ የማስገባት መብት የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው፤ ከተማው በራሱ ሊሰጣቸው አይችልም። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የችሮታ ጊዜንና የተራዘመ አከፋፈልን ይፈቅዳል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ የሚውል ቦታም እስከ 70 ዓመት የሊዝ ዘመን ያገኛል። ይህ ሁሉ ግን የሚጠቅመው ባዶ ቦታ ወስዶ አዲስ ሕንፃ ለሚያቆም ሰው ነው። የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ ለሚገኙ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን ቅድሚያ የማልማት መብት ሰጥቷል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለይዞታ ስላልሆነ ከዚህም በረከት አይደርሰውም። ሕጉ ወደ ከተማው ዳር የሚያደላው በክፋት አይደለም፤ ለጥገና የሚሆን ቃል በውስጡ ስለሌለ ነው።

ታዲያ ከተማው በራሱ እጅ ያለው ምንድን ነው? መጀመሪያ የሚታሰበው የኪራይ ምሕረት ነው፦ ተከራዩ ያድስ፣ ወጪው ከኪራይ ይቀነስለት። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን አያዛልቅም። ለምሳሌ ያህል በወር 200 ብር የሚከራይ የንግድ ቤት ጣሪያና ፊቱን ለማደስ 300,000 ብር ቢጠይቅ፣ ወጪውን በኪራይ ለማካካስ 125 ዓመት ያስፈልጋል። ኪራዩ አስቀድሞ ከምንም ስለማይቆጠር፣ እሱን መማር ማንንም አያነሣሣም። በሌሎች አገሮች የተሳካው የግብር ቅናሽ እዚህ ኃይል የሚያጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሜሪካ ታሪካዊ የንግድ ሕንፃን ለሚያድስ ባለቤት ከወጪው 20 በመቶውን ከፌዴራል ገቢ ግብሩ ትቀንስለታለች። ይህ የሚሠራው ባለቤትም፣ የሚቀነስለት በቂ ግብርም ስላለ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። በመሀል ከተማ የሚገኝ የንግድ ቤት በገበያ ዋጋና በቀበሌ ኪራይ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ያ ልዩነት ከተማው በየወሩ ለተከራዩ የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ በበጀት መዝገብ ስላልተጻፈ ብቻ ድጎማ መሆኑ አይቀርም። ቤቱን ለሦስተኛ ወገን በገበያ ዋጋ የሚያከራይ ተከራይ ሲኖር ደግሞ ድጎማው የታለመለትን ድሃ ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ ጎንደር ማበረታቻ የላትም ማለት ስሕተት ነው። ትሰጣለች፤ በምላሹ የምትጠይቀው አንዳች ነገር የለም እንጂ።

የተሻለው መንገድ ይህን ድጎማ በውል ማሰር ነው። ቤቱን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ በጸደቀ ንድፍ መሠረት ያደሰ ተከራይ ለረጅም ዘመን የጸና፣ ለወራሽ የሚተላለፍና ለባንክ ዋስትና የሚሆን የኪራይ መብት ያግኝ፤ ያላደሰው በጊዜ ሂደት ወደ ገበያ ዋጋ የሚያድግ ኪራይ ይክፈል። ከተማው ጥሬ ገንዘብ አያወጣም፤ የሚሰጠው ዘመንና ዋስትና ነው። ለዚህ ግን የክልሉ ሕግ ድጋፍ ያስፈልጋል።

የዛንዚባር ድንጋይ ከተማ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ብዙ ቤቶች ተወርሰው በጥገና እጦት ፈራረሱ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው የጥበቃና ልማት ባለሥልጣን ባለበት ዘመን ከመንግሥት ቤቶች ከፊሎቹ ገዢው እንዲጠግናቸው በመገደድ ተሸጡ። ብዙ ሕንፃ ከመፍረስ ዳነ፤ ዳሩ ግን ቤቶች ወደ ሆቴልነት ሲለወጡ የቀድሞ ነዋሪዎች ስፍራቸውን ለቀቁ። ፒያሳ ውስጥም ከሱቁ ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል፣ በጡረታ ወይም በጉልት ንግድ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ለመኖሪያ የሚውለውን ክፍል ከንግዱ ለይቶ የማይመዝን ውል ሕንፃውን አድኖ ሰዎቹን ያጣል።

ሌላው ጉዳይ የጣራና ግድግዳ ግብር ነው። በአዋጅ ቁጥር 80/1968 መሠረት ግብሩ የሚሰላው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ዋጋን መሠረት ያደርጋል። ዋጋ ላይ የተመሠረተ ግብር የግል ይዞታውን ያሳመረውን ሰው ይቀጣል፤ ያዛገውን ይሸልማል። በታሪካዊው ክልል ለታደሱ ቤቶች ግምቱን ለጥቂት ዓመታት ባለበት ማቆየት ቀላል መፍትሔ ነው። የጠፋው ገቢ እምብዛም አይደለም።

ጊዜው ግን አጭር ነው። የአዲስ አበባ ፒያሳ ሰፊ ክፍል በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሷል፤ የኮሪደር ሥራው ወደ ጎንደርም ደርሷል። መንገድ ሲሰፋና ፊት ለፊቱ ሲዋብ የቦታው ዋጋ ይንራል፤ ዋጋው በናረ ቁጥርም ማፍረስ ከማደስ ይልቅ አትራፊ ይሆናል። የጥገና ውሉ ከዚያ በፊት ካልተፈረመ፣ በኋላ የሚያድሰው ቤት አይኖርም።