በልጆች መካከል ስለሚደረግ ግፍና አስተማሪ ስለሚያስቀርበት መንገድ

ልጅ ወደ ተማሪ ቤት የሚላከው ፊደል ለይቶ እንዲያነብ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋራ መኖርን፥ ቁጣውን መግታትን፥ የባልንጀራውን ኀዘን ማወቅን እንዲማር ጭምር ነው። ንባቡ ያማረ፥ ሒሳቡ የሰመረ ቢሆንም፥ በጕልበት የሚያንሰውን የሚያስለቅስ ልጅ ትምህርቱ ገና ግማሽ ነው።

አስቀድሞ ግፍን ከጠብ መለየት ያስፈልጋል። ሁለት እኩዮች በጨዋታ ተጣልተው ቢታገሉ፥ ወዲያውም ቢታረቁ፥ ይህ ጠብ ነው። ግፍ የሚባለው ግን ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው፤ 1ኛ ሆን ብሎ መጉዳት፥ 2ኛ እየደጋገሙ ማድረግ፥ 3ኛ የአጥቂው ኃይል ከተጠቂው መብለጥ ነው። ኃይልም ሲባል የክንድ ብቻ አይደለም፤ በዕድሜ መብለጥ፥ በቍጥር መብዛት፥ በሀብትና በወገን መመካትም ኃይል ነው። በዚህ ዐይነት ለይቶ ያስተማረው፥ በስዊድን ተወልዶ በኖርዌይ የሠራው የሥነ ልቡና ሊቅ ዳን ኦልቬውስ ነው።

ግፍም በዱላ ብቻ አይደረግም። የታናሹን ደብተርና ስንቅ መቀማት፥ አንካሳውን እየተከተሉ እንደ እርሱ ማነከስ፥ ወላጅ የሌለውን በልብሱ መቀደድ መሳቅ፥ ሴት ልጅን በመንገድ እየጠበቁ ማስፈራራት፥ እነዚህ ሁሉ ግፍ ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ወይም እናቱ ሸክላ ሠሪ የሆነችውን ልጅ ክፉ ስም አውጥተው አብረውት እንዳይቀመጡ መከልከል ነው። ይህን ስድብ ልጆች ከራሳቸው አልፈጠሩትም፤ ከታላላቆች አፍ ሰምተው ያመጡት ነው። ስለዚህ ሽማግሎች ልጆችን ከመገሠጻቸው በፊት በቤታቸው የሚነገረውን ቃል ሊመረምሩ ይገባቸዋል።

«ልጅ ተመትቶ፥ ተሰድቦ ያድጋል፤ ይህም ያጠነክረዋል» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ግፍ የሚደረግበት ልጅ በማለዳ ሆዴን አመመኝ ይላል፤ አቋራጩን ትቶ በሩቁ መንገድ ይዞራል፤ ቀድሞ ሲጠየቅ ይመልስ የነበረው ዝም ይላል። በመጨረሻም ተማሪ ቤት መምጣቱን ይተዋል። ወላጆቹም ትምህርት ጠላ ብለው ከብት እንዲጠብቅ ይልኩታል፤ እርሱ ግን የጠላው ትምህርቱን ሳይሆን መንገዱን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንደሚባለው፥ ቍስሉ ካደገም በኋላ ይከተለዋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓመት በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ብላቴኖች የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ፤ ምክንያቱም የባልንጀሮቻቸው ግፍ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። አገሩም በሙሉ ደነገጠ። በ1983 ዓመት በተማሪ ቤቶች ሁሉ ግፍን የመከላከል ሥራ ተጀመረ። ኦልቬውስም በበርገን ከተማ 42 ተማሪ ቤቶችንና 2,500 ያህል ተማሪዎችን ሁለት ዓመት ተኩል ተከታትሎ ግፉ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ አገኘ። እንግዲህ ግፍ የልጅነት ጠባይ ነውና አይቀርም ማለት ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ ሽማግሎች አንድ ነገር ያስተውሉ። በአገራችን ሽምግልና የተጣሉትን አስቀምጦ፥ የሁለቱንም ቃል ሰምቶ፥ ጥፋቱን ለሁለቱም አካፍሎ ማስታረቅ የከበረ ሥርዓት ነው፤ ለጠብም ይገባል። ለግፍ ግን አይስማማም። ተጠቂው በአጥቂው ፊት ቁሞ እውነቱን ለመናገር ይፈራል፤ «ተሳሳሙ፤ አበቃ» ቢባልም በማግሥቱ በመንገድ ብድሩን ይቀበላል። ስለዚህ አስቀድሞ ግፉ ይቁም፤ አጥቂው ያጠፋውን ይካስ፤ ዕርቁ ተበዳዩ በወደደ ጊዜ ይከተላል።

አጥቂውንም በአለንጋ መግረፍ መድኃኒት አይሆንም። በ1987 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንደ ሆነ ደንግጓል። ደግሞም አስተማሪ ቢመታው፥ ልጁ የሚማረው ኃይለኛ የሆነ ሁሉ ደካማውን እንደሚመታ ብቻ ነው።

የሚያዩትም ልጆች ታላቅ ድርሻ አላቸው። በካናዳ ሊቃውንት በጨዋታ ሜዳ የሚደረገውን አስተውለው በ2001 ዓመት እንዳስታወቁት፥ ከልጆች አንዱ ለተጠቂው ሲያግዝ ከግማሽ የሚበልጠው ግፍ በ10 ሰኮንድ ውስጥ ቆሟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ታላቁ ተማሪ ታናሹን የሚያስቀጽልበት የቆየ ልማድ አለ፤ አስተማሪም ይህን አብነት ይዞ ለታናሹ ታላቁን በንባብም በመንገድም ረዳት አድርጎ ቢሰጠው፥ ጕልበት ለጥበቃ ይውላል።

አስተማሪ የሚያደርገው ይህ ነው።

1ኛ፤ በዕረፍት ሰዓት በሜዳው፥ ከቤቱ ጓሮና በውሃ መቅጃው ይዘዋወር፤ ግፍ ዐይን የሌለበትን ስፍራ ይወዳልና።

2ኛ፤ ተበዳዩን ለብቻው ጠርቶ በርጋታ ይጠይቀው፤ የነገረውንም በሕዝብ ፊት አያውጣበት።

3ኛ፤ አጥቂውንም ለብቻው ጠርቶ የሠራውን በግልጽ ይንገረው፤ የቀማውን ያስመልሰው፤ በቤቱ የሚደርስበት መከራ እንዳለም ይመርምር።

4ኛ፤ ነገሩን ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ፤ ከ15 ቀን በኋላም ተበዳዩን እንደ ገና ይጠይቀው።

5ኛ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ልጆቹን በክብ አስቀምጦ ስለ ቁጣ፥ ስለ ፍርሃት፥ ስለ ኀፍረት ያነጋግራቸው። ስሜቱን በቃል መናገር የቻለ ልጅ እጁን ለመሰንዘር አይቸኵልም።

6ኛ፤ የአስተማሪው አፍ የተጠበቀ ይሁን። ዘገምተኛውን ተማሪ «ደንቆሮ» ብሎ የጠራ አስተማሪ ለክፍሉ ሁሉ የስድብ ፈቃድ ሰጥቷል።

ለአስተማሪዎችና ለሽማግሎች መነጋገሪያ የሚሆኑ ጥያቄዎች።

ሀ. በዚህ ዓመት ትምህርቱን የተወ ልጅ አለን? የተወበትን ምክንያት ከራሱ አፍ የጠየቀው አለን?

ለ. በሰፈሩ የትኛው የስድብ ቃል ከቤት ወደ ተማሪ ቤት ተሻገረ?

ሐ. ከተማሪ ቤት ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ታናናሾቹን ማን ይሸኛቸዋል?