የደመወዝ መዝገብ ለየትኛው ጠባይ ይስማማል?

ትምህርት 12

አዲስ ቃላት
ፔሮል፦ የደመወዝ መክፈያ መዝገብ።
ተቀናሽ፦ ከደመወዝ ላይ የሚነሳ ገንዘብ።
የተጣራ ደመወዝ፦ ተቀናሹ ከወጣ በኋላ እጅ የሚገባው።
ትርፍ ሰዓት፦ ከመደበኛው የሥራ ሰዓት በላይ የተሠራ።

1. ሰፋሪው ማን ነው?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ብንወጣ ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ ብንወጣ ቡራዩን እናገኛለን። እንጦጦን ተሻግረን በጎጃም መንገድ ብንሄድ ደግሞ ሱሉልታ እንደርሳለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ቀድሞ በእርሻና በከብት ብቻ ይኖር የነበረ ብዙ ቤተሰብ ዛሬ ልጁን ወደ ፋብሪካ ይልካል። የእርሻ አዝመራ በዓመት አንዴ ይገባል። የደመወዝ አዝመራ ግን በየወሩ ነው የሚገባው።

ገበሬ አውድማ ላይ እህሉን የሚሰፍረው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ቁናውንም አገላብጦ ያያል። ታዲያ የልጁን ደመወዝ የሚሰፍረው ማን እንደሆነ ለምን አይጠይቅም? ይህን ሥራ የሚሠራው የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ ነው። ቁናውም ፔሮል ይባላል።

2. እንዴት ይሰፈራል?

አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ በወር 3,000 ብር ደመወዝ አላት እንበል።

ጡረታ፦ ከ100 ብር 7 ብር ይቀነሳል። በ3,000 ብር 210 ብር ይሆናል። አሠሪው ደግሞ ከራሱ ከ100 ብር 11 ብር፣ ማለት 330 ብር ይጨምርላታል።
ግብር፦ በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። የቀረው 1,000 ብር ከ100 ብር 15 ብር ይከፈልበታል። 150 ብር ይሆናል።
የተጣራ ደመወዝ፦ 3,000 ሲቀነስ 210፣ ሲቀነስ 150፣ ይሆናል 2,640 ብር።

ትርፍ ሰዓትም የራሱ ስፍር አለው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት በሥራ ቀን፣ በቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

3. በክፍላችን የሆነው

እኛ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች በክፍላችን ፈጥኖ የሚደምረውን ሁሉ «አንተ የሂሳብ ሰው ትሆናለህ» እንል ነበር። አንድ ቀን ማታ አንዲት እናት የልጃቸውን የደመወዝ ወረቀት ለንባብ ልምምድ ይዘው መጡ። ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ እሑድ 4 ሰዓት ሠርታለች። ታዲያ ይህ ለምን 90 ብር ሆነ?» አሉን።

አብረን አሰላን። የአንድ ሰዓት ሥራዋ 15 ብር ነው። እሑድ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ሰዓቱ በ30 ብር ይታሰባል። 4 ጊዜ 30፣ 120 ብር ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ግን እንደ ሥራ ቀን ተሰፍሮ ነበር። 30 ብር ጎድሏል።

ልጅቷ ወደ ሂሳብ ክፍሉ ሄደች። በፍጥነቱ የሚደነቀው ሠራተኛ ቀና ብሎም ሳያያት «ፈርመሻል፤ አለቀ» አላት። ሁለተኛው ሠራተኛ ቀስ የሚል ሰው ነው። መዝገቡን አወጣ፤ የሰዓት መቆጣጠሪያውን አመሳከረ፤ «ተሳስተናል፤ በሚመጣው ወር ይታረማል» አለ። ታረመም።

30 ብር ትንሽ ነው እንዳትሉ። በ100 ሠራተኛ ላይ ቢጎድል 3,000 ብር ነው፤ የአንድ ሰው የወር ደመወዝ ማለት ነው። ሁለቱም ሠራተኞች መደመር ያውቃሉ። የለያያቸው ጠባይ ነው። እኛም ስንል የነበረው ስህተት መሆኑን ያን ማታ ተማርን።

4. የሚስማማው ጠባይ

ጆን ሆላንድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር የሥራ ዝንባሌን በስድስት ዓይነት ከፍሏል። ከስድስቱ አንዱ ሥርዓትን፣ መዝገብንና ቁጥርን የሚወድ ሰው ነው። የሂሳብ ሥራ ለዚህ ሰው ይስማማዋል ይላል። ጥቁር መሬት ጤፍ ይወዳል እንደምንለው ነው። ነገር ግን ያልታረሰ መሬት አረም ያበቅላል። ስለዚህ ከዝንባሌ ሌላ እነዚህ ያስፈልጋሉ።

ትዕግሥት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የደመወዝ ሠራተኛ ደምሮ እንደገና ይደምራል።
ምስጢር መጠበቅ። የአንዱን ደመወዝ ለሌላው አያወራም።
እምቢ ማለት። አለቃም ሆነ ዘመድ «ያልተሠራ ቀን ጨምርልኝ» ቢለው አይጨምርም።
ማስረዳት። አዋጁ ሠራተኛው ሲጠይቅ መዝገቡ እንዲታየውና እንዲብራራለት ያዛል። አፋን ኦሮሞ የሚናገረው ሠራተኛ በአፋን ኦሮሞ ቢነገረው ይበልጥ ይገባዋል። «ፈርመሻል፤ አለቀ» ማለት ግን መልስ አይደለም። ሠራተኛው ጎደሎ ደመወዝ ሳይቃወም ቢቀበልም እንኳ የቀረውን የመጠየቅ መብቱ አይጠፋም።

እነዚህ ጠባዮች በቤታችሁም ይታያሉ። በረቱን ከመዝጋቷ በፊት ከብቶቹን የምትቆጥር ልጅ አለች። ከወፍጮ ቤት ሲመለስ መልሱን እስከ ሳንቲሙ የሚያስረክብ ልጅ አለ። የእድራችሁንም ጸሐፊ አስቡ። የመረጣችሁት ፈጣን ስለሆነ ነው ወይስ ስለምታምኑት? እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሂሳብ አያያዝ እንዲማር አበረታቱት። ጠባዩ ጅምር ነው፤ ሙያውን ትምህርት ይሰጠዋል።

5. ማጠቃለያ

መልካም ሰፋሪም ይሳሳታል። ስለዚህ የሚጽፈው ሌላ፣ የሚያረጋግጠው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ቢሆን ይመረጣል። የመጨረሻው ተቆጣጣሪ ግን ማንበብ የሚችል ሠራተኛ ነው። ያነበበ ሰው የሚፈርምበትን ያውቃል። ያች እናት በፊት በጣት አሻራ ይፈርሙ ነበር። ዛሬ የጎደለውን 30 ብር በዚያው ጣት አሳዩን።

ጥያቄዎች

1. ደመወዙ 4,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ጡረታው፣ ግብሩና የተጣራ ደመወዙ ስንት ነው?
2. የሁለቱ የሂሳብ ሠራተኞች ልዩነት ምን ነበር?
3. በሠፈራችሁ ለዚህ ሥራ የሚስማማ ጠባይ ያለው ማን ነው? ለምን?
4. በቤታችሁ የደመወዝ ወረቀት ካለ አምጡት፤ አብረን እናንብበው።