ሻንሲ ሲሰነጠቅ፦ ብየዳ ወይስ ቡሎን?

ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። በሦስቱም በኩል ገልባጭና አይሱዙ ድንጋይ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ ጭኖ ይመላለሳል፤ ሻንሲውም አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም። ባለመኪናው ጋራዥ ሲገባ ቸኩሎ ነው፦ «ወንድሜ፣ ቶሎ በይደህ ልቀቀኝ፤ ነገ ጭነት አለብኝ።»

እሺ ከማለታችሁ በፊት ብረቱን አስቡ። የከባድ መኪና ሻንሲ ተራ ላሜራ አይደለም፤ አንዳንዱ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት የተጠናከረ ነው። በብየዳ ሲግል ከብየዳው ዳር ያለው ብረት ጥንካሬውን ያጣል። ለዚህ ነው አዲሱ ስንጥቅ ብየዳው ላይ ሳይሆን ከጎኑ የሚወጣው። ስለዚህ ስንጥቁ ራሱ ይበየድ፤ ማጠናከሪያው ፕሌት ግን በቡሎን ይታሰር።

ከሁሉ በፊት የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፤ የብየዳ ማሽኑን ማሳ ከሥራው ቦታ አጠገብ እሰሩ። አለበለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ወይም በኮምፒውተሩ በኩል ያልፋል። ሳጥኑን ባዶ አድርጋችሁ ሻንሲውን በክሪክ ደግፉ። ቀለሙን ፍቃችሁ ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍ ፈልጉ፤ እዚያ ላይ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ አውጡ፣ እንዳይቀጥል ያግደዋል። ስንጥቁን በግራይንደር ከፍታችሁ በደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ በይዱና አለስልሱት። እርጥበት የጠጣ 7018 ከውስጥ አዲስ ስንጥቅ ይፈጥራል፤ ፓኬቱ ተከፍቶ የከረመውን በምድጃ ሳታደርቁ አትጠቀሙ።

ፕሌቱን ስትቆርጡ ጫፎቹ ቀጥ ብለው አይውረዱ፤ በ45 ዲግሪ ገደማ ይዘንብሉ። ቀጥ ያለ ጫፍ ሸክሙን አንድ መስመር ላይ ስለሚያከማች ሻንሲው እዚያው ይሰበራል። ቀዳዳ የሚወጣው በቁመቱ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ከላይና ከታች የታጠፉት ከንፈሮች ትልቁን ጉተታና ግፊት ስለሚሸከሙ የመኪና አምራቾች በአብዛኛው እዚያ መብሳትም መበየድም ይከለክላሉ። ቡሎኑ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ምልክት ይኑረው፤ ምልክት የሌለውን መልሱት። ቀዳዳው ጥብቅ ይሁን። በሁለቱ ብረቶች መካከል ወፍራም ቀለም ወይም ዝገት አይቅር፤ ፕሌቱን የሚይዘው የቡሎኑ ጭምቀት ነውና፣ ቀለሙ ሲደቅ ዳዶው ይላላል። መኪናው ጥቂት ቀን ጭኖ ከሠራ በኋላ መልሳችሁ አጥብቁ።

የቤት መኪና ሲሆን ፍርዱ ይገለበጣል። ላዳ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ሻንሲ ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው የአሜሪካው ፎርድ መስታንግም እንደዚሁ ነው፤ እሱን የሚያጠናክሩ ባለሙያዎች ከወለሉ ሥር ያሉትን የፊትና የኋላ ተሸካሚ ብረቶች በሌላ ብረት ያገናኛሉ። አንዳንዱ መኪናው እንዳይነካ ብሎ በቡሎን ያስራል። እኔ ግን እዚህ ላይ ብየዳን እመርጣለሁ፤ ቀጭን ላሜራ ላይ የቡሎን ቀዳዳ ቶሎ ይሰፋል፣ ብረቱም ለብየዳ የሚመች ነው። የዛገው ተቆርጦ ጤነኛ ብረት ላይ ከተደረሰ ይበቃል።

ወደ ከባዱ ልመለስ። ፕሌቱን ከማሰራችሁ በፊት የሻንሲውን ሁለት ሰያፎች በሜትር ለኩ፤ ካልተካከሉ ሻንሲው ጠሟል፣ ፕሌቱም ጥመቱን አጽንቶ ያስቀምጠዋል። የስንጥቁንም ምክንያት ባለመኪናውን ጠይቁ። ባሌስትራ አስጨምሮ ከአቅም በላይ የሚጭን ከሆነ ሞላው የሚችለውን ሻንሲው አይችልም፤ ሂሳብ ከመቀበላችሁ በፊት ይህንን ንገሩት። የመስቀለኛ ብረቶቹንም ሪቬቶች አንድ በአንድ እዩ፤ በራሱ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት የሚረጭ ሪቬት ላልቷል፣ እሱም በጥብቅ ቡሎን ይተካ።